አንድ ወቄት ተኩል

ዘይኑልአቢዲን ተቀምጦ ሻይ ጨርሶ አያውቅም። ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ጎን አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችው፤ ራዲዮና ቴፕ ይጠግንባታል። ሻይ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሻዩን ያዛል፣ አንዴ ፉት ይላል፣ ከዚያ አንድ ነገር ውል ይለውና ብድግ ብሎ መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል። ባለ ሻይ ቤቱ ሙሉ ብርጭቆ መድፋት ሲሰለቸው በመጨረሻ ግማሽ ብቻ ይቀዳለት ጀመር። «ለዘይኑ ሙሉ መቅዳት ዝንብ መቀለብ ነው» ይል ነበር።

እናቱ መሪማ ይህ ጠባይ ገና በሆዷ ሳለ የጀመረው ነው ትላለች፤ አንድ ሌሊት በአንድ ጎኗ አስተኝቷት አያውቅም። ሚስቱ ኡሙሰልማ ደግሞ በተጋቡ በሦስተኛው ሳምንት ነቅታ ብታየው፣ ሰውየው ተኝቷል፣ ጣቶቹ ግን አልተኙም፤ አየር ላይ ብሎን ይፈታሉ። ያን ዕለት ሳቀች። እያደር ግን እንዲህ ያለ ሰው የሚፈታው ነገር ያጣ ቀን ራሱን ይፈታል ብላ ትሰጋ ጀመር።

የሚፈታው ነገር የተገኘው በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ነው። ያኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ የእርዳታ እህል የጫኑ ሄሊኮፕተሮች ያርፉ ነበር። ሰው ሁሉ ጆንያውን ሲያይ ዘይኑልአቢዲን ከላይ የሚሽከረከረውን ክንፍ ያያል። በኋላ ይህን ሲያስብ ያፍር ነበር። የተራበው እሱም ነው፤ አባቱን የቀበረው በዚያው ዓመት ነው፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ክብደት ሳይንደረደር፣ ከቆመበት ቦታ ብድግ ማለቱ ከዓይኑ አልጠፋ አለ።

ከሄሊኮፕተሮቹ ጋር የመጣ አንድ ፈረንጅ መካኒክ ራዲዮው ተበላሽቶበት ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ጎራ አለ። ዘይኑልአቢዲን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠራለት። መካኒኩ አገሩ ሊመለስ ሲል አንድ ካርቶን ትቶለት ሄደ። ሲከፍተው የተሰባበረ ትንሽ ሄሊኮፕተር ነው። መጫወቻ ነው፤ ሰው አይጫንበትም፤ በኤሌክትሪክ ሞተር ይሽከረከራል፤ በእጅ ከሚያዝ ሳጥን በራዲዮ ይታዘዛል። ከሱ ጋር ተሞልተው ተመልሰው የሚሠሩ ሁለት እሽግ ባትሪዎችና አንዲት ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበሩ።

አሥረኛ ክፍል ደርሶ ነው ያቆመው። መጽሐፊቱን መዝገበ ቃላት ይዞ አንብቦ ለመጨረስ አንድ ክረምት ፈጀበት። ሁሉ ገባው፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ገብታው እንኳ አልዋጥልህ አለችው። ባትሪው ለአራት ደቂቃ በረራ ይበቃል ትላለች። አራት ደቂቃ። ውሎ አድሮ ማሽኑን ጠግኖ ከሐይቁ ዳር ሲያስነሳው እውነትም አራት ደቂቃ ነው። ገና እጁ ሲለምድ፣ ገና ልቡ ሲረጋ፣ ሞተሩ ይሟሽሽና መሬት ይወርዳል። ሰው ይህን ያህል ደክሞ ወደ ሰማይ የሚወጣው ወዲያው ሊወርድ ነው እንዴ ይላል ለራሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ የኖረው ያቺን አራት ደቂቃ ለማርዘም ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

መጀመሪያ የመጣለት የማንም ሰው ሐሳብ ነው፦ ባትሪ መጨመር። ሁለቱንም እሽግ አሰረበት። ማሽኑ ጮኸ፣ አቧራ አስነሳ፣ ከመሬት ግን አልላቀቅ አለ። የጨመረው ጉልበት የጨመረውን ሸክም ሲታገል አለቀ። ለሦስት ቀን ከቤት እየወጣ እየገባ ሲብሰለሰል ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ቆሞ ወፎች ያያል። ድንቢጥ ክንፏ አጭር ነው፤ ስለዚህ ስትርገበገብ ትውላለች። ሻላ የሚሏት ከአንገቷ ከረጢት ያላት ትልቅ ወፍ ግን ክንፏን ዘርግታ አንዴ ቀዘፍ ታደርግና ረጅም መንገድ ትሄዳለች። አመሻሹ ላይ ደግሞ ውኃውን ልትነካ ስንዝር ሲቀራት ሳትቀዝፍ ትንሳፈፋለች፤ ውኃው ራሱ ከሥር ደግፎ የያዛት ይመስላል። ረጅም ክንፍ ያለው አይቸኩልም። ይህን ያየው በሕይወቱ ሳይቸኩል ውሎ የማያውቅ ሰው መሆኑ ኡሙሰልማን እስከ ዛሬ ያስቃታል።

ያን ዕለት ሥራው ተለወጠ። የማሽኑን ክንፍ በእጥፍ ሊያስረዝም፣ ዙሩን ደግሞ ሊያዘገይ ተነሳ። ክንፉን መጀመሪያ ከዋንዛ ጠረበ፤ ከበደ። ቀጥሎ ሸምበቆ ሰንጥቆ አጥንቱን ሠራና የጃንጥላ ጨርቅ በሙጫ ወጠረበት፤ ቀለለ። ዙሩን የሚያዘገየው ትልቅ ባለ ጥርስ መዘውር ከአንድ የተጣለ የፊልም ማሳያ ተገኘ። ጭራውን ከራዲዮ አንቴና፣ ከባዶ ቱቦው ሠራ። ባትሪውን የሚሞላው ሾፌሮች መንገድ ዳር ከሚያሳድሩት የጭነት መኪና ባትሪ ነው፤ አንዳንዱ ሾፌር ጠዋት መኪናው አልነሳ ሲለው ምክንያቱን አያውቅም።

መመዘኑ የኡሙሰልማ ድርሻ ነበር። እሷ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጣለች፤ ሚዛኗ ግን የቅመም አይደለም። አባቷ ብር አንጣሪ ነበሩ፤ ሲሞቱ ለሷ የደረሳት ያቺ ትንሽ ሚዛን ናት። መመዘኛው ጠገራ ብር ነው፤ አንድ ጠገራ አንድ ወቄት፤ ከሥሩ ግማሹና ሩቡ ከመዳብ ተቆርጠው የተሠሩ። ኡሙሰልማ እያንዳንዷን ብሎን ሳህኗ ላይ አስቀምጣ እንደ ሌባ ትመረምራት ነበር። «ይቺ ምን ትሠራለች?» ትላለች። ባሏ ያስረዳል። «እዚያኛው ብሎን ይህን አይሠራም?» ትለዋለች። ያስባል። ይሠራል። ብሎኗ ከሥራ ትባረራለች። እንዲህ እያሉ ማሽኑን ከነባትሪው ሃምሳ ወቄት ላይ አደረሱት። አንድ ወቄት ሲጨመር ግማሽ ደቂቃ ያህል ከበረራው እንደሚቀነስም ሞክረው ሞክረው ያወቁት ሁለቱ ናቸው። ከዚያም አንድ ሕግ አወጡ፦ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት፣ ጠዋት፣ ማሽኑ ይመዘናል። ጤዛ ሳይቀር ይከብዳላ።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ክረምት ማብቂያ ላይ፣ አንድ ነፋስ የሌለው ማለዳ፣ ማሽኑ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ አሥራ ስድስት ደቂቃ ቆየ። ያዩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ዘይኑልአቢዲን፣ ኡሙሰልማ፣ ደግሞ መረቡን ሊያነሳ በደንገል ታንኳው ላይ የነበረው ጎረቤታቸው ውበቱ። ውበቱ የሃያ ዓመት ዓሣ አስጋሪ ነው፤ አባቱ የለም፤ እናቱ የሺሀረግ ከነዘይኑልአቢዲን ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ልጁ መቅዘፉን ትቶ አፉን ከፍቶ ሲያይ ታንኳው ዞሮ ዞሮ ደንገሉ ውስጥ ገባ።

ቀጥሎ በመጣው መስከረም ስም ዝርዝር ወጣ፤ የዘይኑልአቢዲንም ስም አለበት።

ብሔራዊ ውትድርና አዲስ ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊትም ልጆች ሄደዋል፤ የተመለሱት በጣት ይቆጠራሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ኑርሁሴን ከዘይኑልአቢዲን ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱን በጥበቃ ሳይልክ ራሱ ይዞ መጣ። ከቆርቆሮዋ ክፍል ደጃፍ ቆሞ ወዲያ ወዲህ አየ። ቁጥሩ ከላይ የመጣ መሆኑን፣ ከቀበሌው አሥራ አራት ሰው እንደሚፈለግ፣ እሱም የሚችለውን ሁሉ እንዳደረገ ተናገረ። ከዚያ አንድ መውጫ እንዳለ ጠቆመው። ደሴ ላይ የመንግሥት መኪኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ባለሙያ ይፈልጋል፤ የጋራዡ ኃላፊ ጓድ ወልዴ በትልቅ አገር ተምሮ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራ ሥራ የሚቀርብበት ኤግዚቢሽንም እያዘጋጀ ነው። እሱ «ለምርት አስፈላጊ ነው» ብሎ ከጻፈለት ስሙ ይሰረዛል።

ዘይኑልአቢዲን በማግሥቱ ደሴ ሄደ። ጓድ ወልዴ የአምባሰል ሰው ነው፤ አነጋገሩ ግን ለዓመታት ስብሰባ ውስጥ ኖሮ ደርቋል። ማሽኑን በወረቀት ላይ ተስሎ አየው፤ አሥራ ስድስት ደቂቃ ሲባል እርሳሱን አስቀመጠ።

«እኔ የተማርኩበት አገር እንዲህ ያለ መጫወቻ ሱቅ ይሸጣል» አለ። «አምስት ደቂቃ የቆየ አላየሁም። አንተ አሥራ ስድስት አልከኝ። እኔ አንዷን ትቼልሃለሁ። በሩብ ሰዓት እንገናኝ። አንድ ሰከንድ ከጎደለ ወረቀት አልጽፍም፤ ስላልፈለግሁ አይደለም፤ ለምን ጻፍክ ቢሉኝ የማሳየው ነገር ስለሚያስፈልገኝ ነው።»

ቀኑ ለጥቅምት ሃያ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ለዘይኑልአቢዲን አንድ ረጅም ጠዋት ነበር ማለት ይቻላል። አይበላም፤ ይቀማምሳል። የደንበኛ ራዲዮ ይከፍትና ሳይጠግን ይዘጋዋል። ሌሊት ተነስቶ የክንፉን ሙጫ በጣቱ ይዳስሳል። እናቱ መሪማ ይህን እያየች የምታደርገው አንድ ነገር ነበራት፤ ሐሙስ ሐሙስ ሰዎች ተሰብስበው ዱአ ወደሚያደርጉበት ወዳጃ መሄድ። እዚያ ያሉትን ሸኽ ለልጇ ክታብ አስጻፈች። ስትሰጠው ግን በአንገቱ ለማሰር እሺ አላለም። ጓድ ወልዴ ፊት ክታብ አድርጌ ብቆም ምን ይለኛል አላት። እሷም መልሳ አልተከራከረችም። ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው።

ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ማታ ባልና ሚስት ማሽኑን ለመጨረሻ ጊዜ መዘኑት። ሃምሳ ወቄት፤ ሩብ እንኳ አልተረፈም። በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ሰው ማለት እንዲህ ነው፤ የሚወድቅበትን ጉድጓድ ራሱ ሲቆፍር አያውቀውም። ዘይኑልአቢዲን ያን ጠዋት ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ኖሮ የሆነው ሁሉ ባልሆነ። ግን ጎህ ሲቀድ ነፋሱን ለማየት ወደ ሐይቁ ወረደ። ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ ደግሞ ወረደ። በሦስተኛው ሲወርድ ኡሙሰልማ ደጅ ውኃ እየቀዳች አይታ «ልብህን ሐይቁ ውስጥ ነው እንዴ የጣልከው?» አለችው። እሱ ግን ሰዎች የሚቆሙበትን ቦታ፣ ፀሐይ ከየት እንደምትመታው፣ ደንገሉ እንዴት እንደሚወዛወዝ ይለካ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መኪና ሲሰማ ሮጦ መጣ፤ ማሽኑን ከነጨርቁ አቀፈ።

«እንመዝነው» አለች ኡሙሰልማ። ሚዛኗን አውጥታ ይዛለች።

«ማታ መዝነነው የለ።»

«ሕጉ የጠዋት ነው።»

«ኡሙዬ፣ መኪናው መጥቷል» አላትና ወጣ።

እሷም ሚዛኗን ዘንቢል ውስጥ ከትታ ተከተለችው።

ከሐይቁ ዳር የነበረው ሰው ለገበያ የወጣ ያህል ነው። ጓድ ወልዴ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ መዳፉ ላይ አደረገ። ኑርሁሴን አጠገቡ ቆመ። ውበቱ ማሽኑ ውኃ ላይ ቢወድቅ ሊያነሳ ታንኳውን ይዞ ራቅ አለ። ሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ሲሆን ረጃጅሞቹ ክንፎች መዞር ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ ሰው ሊቆጥራቸው እስኪል፤ ማሽኑም ብድግ አለ። ሕዝቡ እልል አለ። ዘይኑልአቢዲን ግን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ።

ድምፁ ትክክል አልነበረም። ሞተሩ የሚያወጣውን ዜማ ለወራት ሰምቶ ያውቀዋል፤ ዛሬ ወፍሯል። ሽቅብ የሚወጣ ሰው እንደሚተነፍሰው ዓይነት ነው። ጭራውም ወደ ታች ያዘነብላል፤ ባስተካከለው ቁጥር መልሶ ይጎትታል። ነፋስ ነው እንዳይል ነፋስ የለም። ባትሪው ነው እንዳይል ራሱ ሞልቶታል። ምክንያቱን ማወቅ አልቻለም፤ የሚያውቀው ይህ ድምፅ ሩብ ሰዓት እንደማያደርስ ብቻ ነው።

በዘጠነኛው ደቂቃ ሻላዋ ትዝ አለችው። ማሽኑን ከነበረበት ከፍታ ቀስ አድርጎ አወረደና ከውኃው በላይ ስንዝር ሲቀረው አቆመው። ክንፉ ወደ ታች የሚገፋው ነፋስ ውኃውን እየመታ ከሥር ደገፈው፤ ሞተሩ ትንሽ ተነፈሰ። ከሕዝቡ መካከል አንዱ «በረራ ነው ወይስ ዋና?» ብሎ ቀለደ፤ ሳቁበት። ጓድ ወልዴ ሳይስቅ «ውኃ እስካልነካ ቆጥሬለታለሁ» አለ።

አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት። ዘይኑልአቢዲን በሕይወቱ አንድ ቦታ ላይ እንዲህ ረግቶ ቆሞ አያውቅም፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል፤ አይጠርግም። አሥራ አራት። ክንፎቹ ዘገዩ። አሁን ሰው በእርግጥ ሊቆጥራቸው ይችላል። ጭራዋ ውኃውን ነካች፣ ተነሳች፣ ደግማ ነካች። ከዚያ ማሽኑ እንደ ደከመው ሰው ሐይቁ ላይ ተቀመጠና ወደ ጎን ጋደለ።

«አሥራ አራት ከአርባ» አለ ጓድ ወልዴ። ሃያ ሰከንድ ጎድሏል።

ውበቱ ቀዝፎ ደረሰና ማሽኑን እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣው። ጓድ ወልዴ ሰዓቱን መልሶ አሰረ፤ ሆኖም መሐንዲስ ነውና እንዲሁ ሊሄድ አልቻለም። ተንበርክኮ የማሽኑን ሆድ የሸፈነውን ጨርቅ ገለጠ። ከባትሪው ሥር፣ በጥቁር ክር ጥብቅ ተደርጎ የተሰፋ፣ ውኃ የጠጣ የቆዳ ክታብ ወጣ።

ዘይኑልአቢዲን አየው። ኑርሁሴን ዓይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ፤ የፓርቲ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር መገኘቱ ለሱም ጥሩ አይደለም። ያኔ መሪማ ሰዉን ከፍላ ወጣች።

«እኔ ነኝ የሰፋሁለት» አለች። «ሐይቅ ወርዶ ሳለ። ልጄ አያውቅም። አንገቴ ላይ አላስርም አለኝ፤ እንግዲያው የሚወጣው እሱ አይደለም፣ ማሽኑ ነው፣ ከፍ የሚል ነገር ደግሞ ዓይን አያጣውም ብዬ ነው። ጥፋት ከሆነ የኔ ነው።»

ጓድ ወልዴ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ድምፁ ሳይታወቀው ወደ አምባሰል ተመልሶ «ምን ያህል ይመዝናል እናቴ?» አለ።

መሪማ አታውቅም። ኡሙሰልማ ግን ዘንቢሏን ከፍታ ነበር። ክታቡን ጨመቀችና ሳህኗ ላይ አኖረች፤ በሌላኛው ሳህን ጠገራዋን። ሚዛኗ ተስተካከለች፤ አንድ ወቄት። ጓድ ወልዴ ይህን ሲያይ ጭራዋም ለምን እንዳዘነበለች ጠየቀ። ዘይኑልአቢዲን የጭራውን ቱቦ አዘንብሎ አራገፈ። በጥጥ ክር የታሰረች ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ ወደቀች፤ ውስጧ አመድ የመሰለ ነገር አለ።

አሁን የወጣችው የሺሀረግ ናት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። «የእስጢፋኖስ እምነት ነው» አለች። ከገዳሙ ደጅ ያስመጣችው፣ ለታመመ የሚቀቡት የተባረከ አመድ። «ጠዋት ብመጣ ሰው የለም፤ ቱቦዋን አየሁና እዚህ ብትሆን አትከብድበትም ብዬ ነው።» መሪማ ዘወር ብላ ጎረቤቷን አየቻት። ሁለቱም አንዷ የሌላዋን አላወቀችም ነበር። ኡሙሰልማ መዘነችው፤ የረጠበ ነውና ግማሽ ወቄት ሊሆን ጥቂት ጎደለው።

«አንድ ወቄት በበረራው ላይ ስንት ይቀንሳል?» አለ ጓድ ወልዴ።

«ግማሽ ደቂቃ» አለ ዘይኑልአቢዲን፤ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ሰውየው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ በጉልበቱ ላይ አሰላ። አንድ ወቄት ተኩል፣ አርባ አምስት ሰከንድ። የጎደለው ሃያ ነው። ሁለት ጊዜ አሰላው። ዘይኑልአቢዲን መሬት መሬት እያየ፣ ሚስቱ ጠዋት የያዘችውን ሚዛን እያሰበ ነበር። በመጨረሻ ጓድ ወልዴ ተነሳና ጉልበቱን አራገፈ።

«በሪፖርቴ ላይ ክታብም እምነትም አልጽፍም» አለ። «የምጽፈው ጭነት ነው። ጭነት ይዞ አሥራ አራት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ በረረ። ባዶውን ከሚበርር እሱ ይበልጣል።»

እንዲህ ሆነና ስሙ ተሰረዘ። ማሽኑ በሳጥን ታሽጎ ለኤግዚቢሽን ሄደ። ማን እንዳየው፣ የት እንዳደረ፣ ዛሬም የሚያውቅ የለም፤ አልተመለሰም። ዘይኑልአቢዲን ደሴ ጋራዡ ገብቶ የጭነት መኪና ዲናሞ ይጠመጥም ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐይቅ ይመጣል።

ኅዳር ውስጥ በአንዱ ቅዳሜ ሲመጣ ከግድግዳው ወዲያ ለቅሶ የመሰለ ዝምታ ሰማ። ኡሙሰልማ ነገረችው። ረቡዕ ዕለት ውበቱን ከታንኳው አውርደው ወስደውታል። መረቡ እስከ ማግሥቱ ውኃ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ኑርሁሴንን ቤቱ ድረስ ሄዶ አገኘው። ሊቀመንበሩ ይጠብቀው እንደነበር ያስታውቃል፤ ቁጭ በል እንኳ አላለውም።

«አሥራ አራት ነበር ቁጥሩ» አለ። «አንተ ስትወጣ አሥራ ሦስት ሆነ። አሥራ ሦስት ይዤ ብሄድ አሥራ አራተኛው እኔ ነኝ።»

«ለእናቱ እኮ አንድ ልጅ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁሉንም አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እኔን መልሰኝ። ነገ እሄዳለሁ። እሱን አምጣው።»

ኑርሁሴን ራሱን ነቀነቀ። «አንተን ብመልስህ እሱ አይመለስም ዘይኑ። ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ፤ ይኸው ነው ትርፉ። ግባና ሚስትህ ጋ ተቀመጥ።»

መቀመጥ ማለት እሱ የማያውቀው ነገር ነው። ያን በጋና ክረምት የሄደበት አይታወቅም። ደሴ ያሉት ዲናሞዎች አለቁበት፤ የጠመጠመውን ፈትቶ ይጠመጥማል። አዲስ ማሽን ሊጀምር ሸምበቆ ሰነጠቀ፤ አንድ ቀን ሙሉ ይዞት ዋለና ለእሳት ሰጠው። ውበቱ በተወሰደ በወሩ ከሱ አንድ ደብዳቤ መጥቶ ነበር፤ ሰሜን ነው ያለሁት ይላል። ከዚያ ደብዳቤም ቀረ።

በሰማንያ ሁለት ጥር አካባቢ፣ በወዲያኛው ወገን፣ በአማፅያኑ እጅ ያለው ራዲዮ የተማረኩ ወታደሮችን ስም ይጠራል የሚል ወሬ በሹክሹክታ ከተማው ገባ። ማዳመጥ ያሳስራል። ድምፁም በሰው ሁሉ ራዲዮ አይያዝም፤ ይንጫጫል፣ ይጠፋል። ዘይኑልአቢዲን ይህን የሰማ ቀን ደሴ አልተመለሰም። ከማሽኑ የቀረችውን ሁለተኛዋን የባትሪ እሽግ አወጣ። ቀጭን መዳብ ሽቦ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር እያስኬደ ዘረጋ። ራዲዮውን በየሺሀረግ ቤት፣ ከዱቄት ዕቃው ጀርባ አኖረው። ማሽኑን ከሩብ ሰዓት ብዙ የማታሳልፍ ባትሪ ራዲዮዋን በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ስለምታስጮህ ሳምንታት ትቆያለች። ይህን ሲያሰላ ለአፍታ ደስ ብሎት ነበር፤ ወዲያው ደስ ማለቱ አስጠላው።

ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሰው ከገበያ ሲመለስ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስም ከነአባት ስም ይጠራል፤ የተወለደበት አገርም ይከተላል። የጎጃም ልጅ፣ የሸዋ ልጅ፣ የሲዳሞ ልጅ። ወሎ ሲባል የሺሀረግ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። አንድ ቀን ውበቱ ተባለ፤ የአባቱ ስም ግን ሌላ ነበር። የሺሀረግ «የእሱም እናት ትስማለት» አለች። ምስጋናም ወቀሳም አልተናገረችም፤ በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ ስለ ስሙ መሰረዝ አንዲት ቃል አንስታበት አታውቅም። እሱ ደግሞ በየቀኑ ዛሬ ታነሳብኛለች ብሎ እየጠበቀ ይመጣል።

በሚያዝያ አንድ ከሰዓት በኋላ የምርኮኞቹ ስም ሲጠራ፣ የሺሀረግ ራዲዮው ላይ ዓይኗን እንደ ተከለች ጠየቀችው።

«ያን ዕለት ሚዛን ላይ ያወጧት፣ የእኔዋ፣ ስንት ነበረች?»

«ግማሽ ወቄት አትሞላም እትየ የሺ። ከባዱ የእናቴ ነበር። ያንቺ ምንም አላረገ።»

«ምንም አላረገ» አለች ቃሉን እየደገመች። ጣቶቿን አንድ ላይ አድርጋ ቁንጥር ነገር የያዘች ያህል አየቻቸው። «ቆንጥሬ ነው ያረግሁበት። ሰስቼብህ እንዳይመስልህ፣ እንዳይከብድህ ብዬ ነው። ዘግኜ ባረግበት ኖሮ ያ ሰውዬ ወረቀት አይጽፍም ነበር፤ ውበቱ እቤቱ ነበር።»

በክፋት አልተናገረችውም። እንደ ሒሳብ ነው የተናገረችው፤ እሱ ራሱ ለዓመት ከመንፈቅ ሲያሰላው የኖረውን ሒሳብ። ዘይኑልአቢዲን ሊነሳ ከወንበሩ ቀና አለ። ጫማው በሩ አጠገብ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው፤ እግሩ ለመሄድ ከተፈጠረ ጀምሮ ፈቃድ ጠይቆት አያውቅም። የሺሀረግ ግን እጇን አልዘረጋችም፤ ቆይም ሂድም አላለችውም፤ የምትሰማው ራዲዮውን ብቻ ነው።

ተመልሶ ተቀመጠ። ራዲዮው ተንጫጫ፤ እጁን ሰድዶ በጥንቃቄ አስተካከለው፤ ድምፁ ጠራ። ሰውየው ሌላ ስም ጀመረ።